የጥርስ ክር፣ የመሃል ብሩሽ ወይስ የውኃ ፍሎሰር? በጥርሶች መካከል ለማጽዳት የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

የጥርስ ብሩሽ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሁለት ጥርሶች ጎን ለጎን የሚነካኩበት ቦታ ላይ አይደርስም። አንድ መንጋጋ ጥርስ አምስት ገጽ አለው፤ የሚያኝከው አናቱ፣ ወደ ጉንጭ የዞረው፣ ወደ ምላስ የዞረው፣ ከፊትና ከኋላ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ጎኖቹም ናቸው። ብሩሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያጸዳል፤ የቀሩት ሁለቱ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋሉ። የድድ መቆጣትም ሆነ ሳይታይ የሚቆይ የጥርስ መቦርቦር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነዚሁ ሁለት ጎኖች ነው።

ሌላ መሣሪያ ፍለጋ የወጣ ሰው በአንድ መደርደሪያ ላይ አራት ዓይነት ነገር ያገኛል፦ በጣት የሚጎተት ክር፣ በቀጭን ሽቦ ላይ የተሠራ ትንሽ ብሩሽ (የመሃል ብሩሽ)፣ ውኃ በግፊት የሚረጭ ማሽን (የውኃ ፍሎሰር) እና ስቴኪኒ። ዋጋቸው እጅግ ይራራቃል፤ ማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው ተስፋ ግን አንድ ዓይነት ነው። ገዢው በዚህ ጊዜ ውዱን የተሻለ አድርጎ መውሰዱ አይገርምም። እዚህ የማቀርበው ንጽጽር የንግድ ስም አይመርጥም፤ ዓይነቶቹን እርስ በርሳቸው ይመዝናል። ሚዛኑን አስቀድሜ ልናገር፦ ከማሽን ኃይልና ከዋጋ ይልቅ በጥርሶችዎ መካከል ያለው ክፍተት ስፋት እና መሣሪያውን በየቀኑ የሚይዘው እጅ ምርጫውን ይወስናሉ።

## በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ የሚቀድመው መመዘኛ መሣሪያው ፕላክን ማላቀቅ መቻሉ ነው። ፕላክ ማለት ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተያይዘው ጥርስ ላይ የሚፈጥሩት ስስ ሽፋን ነው፤ በመጉመጥመጥ ብቻ አይለቅም፣ መፈተግ ወይም መሰባበር አለበት። የምግብ ፍርፋሪ ማውጣትና ፕላክ ማላቀቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዳንዱ መሣሪያ የመጀመሪያውን ግሩም አድርጎ ስለሚሠራ ተጠቃሚው ሁለተኛውም አብሮ የተሠራ ይመስለዋል። ሳይነሣ የቆየ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ያሉትን ማዕድናት እየያዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ ታርታር ከሆነ በኋላ ደግሞ ክርም ብሩሽም ውኃም አያነሡትም፣ የጥርስ ሐኪም እጅ ያስፈልገዋል። ድድ ላይ ብቻ ያለ መቆጣት በጽዳት ይመለሳል። በሽታው ጥርስን ወደሚይዘው አጥንት ከወረደ ግን የጠፋው አጥንት በጽዳት ብቻ አይተካም።

ሁለተኛው መመዘኛ የክፍተቱ ስፋት ነው፤ ሸማቾች በብዛት የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ድዱ ጤነኛ በሆነ ሰው አፍ ውስጥ ጥርሶች ከሚነካኩበት ነጥብ በታች ያለውን ሦስት ማዕዘን ቦታ ድዱ ራሱ ሞልቶት ይገኛል፤ እዚያ የሚገባው ቀጭን ነገር ብቻ ነው። ድድ ሲሸሽ፣ በዕድሜም ይሁን በበሽታ፣ ያ ሦስት ማዕዘን ይከፈታል፤ የጥርሱ ሥርም በከፊል ይጋለጣል። ሥር ደግሞ እንደ አናት ክብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በጎኑ ላይ ቁልቁል የወረደ ጎድጓዳ አለው። የተወጠረ ክር በጎድጓዳው ላይ እንደ ድልድይ ያልፋል፣ ውስጡን አይነካም። የመሃል ብሩሽ ግን ጸጉሩ ተዘርግቶ ይገባበታል። በአንድ ሰው አፍ ውስጥ የፊት ጥርሶች ጠበብ ያሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ የተከፈቱ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ መሣሪያ ለሁሉም ላይበቃ ይችላል።

የቀሩት መመዘኛዎች አጭር ናቸው። እጅ ይታዘዛል ወይ? ክር በሁለት እጅ፣ በመንጋጋ ጥርስ ዙሪያ፣ ሳያዩ የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው አይመችም። በአፍ ውስጥ የማስተካከያ ሽቦ፣ ብሪጅ (የጎደለ ጥርስን ለመተካት ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) አለ ወይ? ወጪውም ሁለት ክፍል አለው፦ አንድ ጊዜ የሚከፈለው፣ እና ክሩ፣ ብሩሹ ወይም የማሽኑ ጫፍ በተተካ ቁጥር የሚመላለሰው። የመጨረሻው ትዕግሥት ነው፤ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የሚያገኘው ነጥብ የለም።

ስለ ማስረጃውም አንድ ነገር መባል አለበት። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ 35 ጥናቶችን መርምሮ፣ ክር ወይም የመሃል ብሩሽ በመደበኛው ብሩሽ ላይ ሲጨመር የድድ መቆጣትን ወይም ፕላክን ከብሩሽ ብቻ ይልቅ ሊቀንስ እንደሚችል፣ የመሃል ብሩሽም ከክር ሊሻል እንደሚችል ደምድሟል። ስለ ስቴኪኒና ስለ ውኃ መርጫ ያለው ማስረጃ ግን ውሱንና እርስ በርሱ የማይስማማ ሆኖ አግኝቶታል። በአጠቃላይ ማስረጃው ደካማ ነው፤ ጥናቶቹ በአብዛኛው የጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ዕድሜ ያላቸው ናቸው፣ በጥርሶች መካከል የሚፈጠር መቦርቦርን የለካም አልተገኘባቸውም። ስለ ውኃ ፍሎሰር ከታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ በአምራቾች ገንዘብ መሠራታቸውንም ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ በማሸጊያ ላይ በትልቁ የተጻፈ መቶኛ ሲያዩ ጥናቱን ማን እንደከፈለበትና ንጽጽሩ ከምን ጋር እንደነበረ መጠየቅ ከመጠራጠር አይቆጠርም።

## የጥርስ ክር

ክር ከአራቱ ርካሹና በጠባብ ቦታ አቻ የሌለው ነው። አሠራሩን ግን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክር በሁለቱ መሃል ጣቶች ላይ ይጠመጠማል፤ በጥርሶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተሳበ በቀስታ ይገባል፤ ከዚያም በአንደኛው ጥርስ ጎን ላይ ታጥፎ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እስኪል ከታች ወደ ላይ ጥቂት ጊዜ ይፈትጋል፤ ቀጥሎ በሌላኛው ጥርስ ጎን ይደገማል። ገብቶ ወዲያው የወጣ ክር ፍርፋሪ ያወጣ እንደሆነ እንጂ ፕላኩን አልነካም። በኃይል ሲገፋ ደግሞ ድድን ይቆርጣል።

ሰም የተቀባው ክር በጠባብ ቦታ ይንሸራተታል፤ ጥርሱ ላይ የተሞላ ነገር ወይም ሻካራ ጠርዝ ያለበት ሰው ክሩ እየተበጣጠሰ ካስቸገረው ሪባን መሰሉን ጠፍጣፋ ክር ቢሞክር ይሻለዋል፤ መበጣጠሱ በተመሳሳይ ቦታ ከተደጋገመ ግን ሙሌቱ ሊታይለት ይገባል። በፕላስቲክ እጀታ ላይ ተወጥሮ የሚሸጠው ዓይነት ለእጅ ይቀላል፣ በጥርሱ ዙሪያ መታጠፍ ግን ያቅተዋል፤ ያው አንድ ክር ከጥርስ ወደ ጥርስ ስለሚሄድም በየመሃሉ ካልታጠበ ቆሻሻውን ያዛውራል። አንደኛው ጫፉ ጠንከር ብሎ መሃሉ እንደ ስፖንጅ የተነፋ ክርም አለ፤ ለብሪጅ ሥር የተሠራው እሱ ነው።

## የመሃል ብሩሽ

በቂ ክፍተት ባለበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። በርካታ የአውሮፓ የድድ ሕክምና ባለሙያዎችም ብሩሹ ሳይታገል የሚገባበት ቦታ ላይ ከክር ያስቀድሙታል። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው የሥሩ ጎድጓዳ ነው። አንድ እጅ ብቻ ይበቃዋል፤ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማለት ሥራውን ይጨርሳል።

አስቸጋሪው ነገር መጠን መምረጥ ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 16409 በተባለው መስፈርት የብሩሾቹ መጠን ብሩሹ ሳይጎዳ ሊያልፍበት በሚችለው ቀዳዳ ስፋት ተለክቶ ከ0 እስከ 8 ቁጥር ይሰጠዋል። ቀለሞቹ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ የአንዱን ቀይ ትቶ የሌላውን ቀይ የገዛ ሰው ሌላ መጠን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ቁጥሩን ማንበብ ነው መፍትሔው። ትክክለኛው መጠን ጸጉሩ ሁለቱንም ጎን የሚነካ፣ ሽቦው ግን ጥርሱን የማይፍቅ ነው። ካልገባ አይገፋም፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ይባላል፣ ያም ካልገባ ቦታው የክር ነው። አብዛኛው ሰው ሁለት፣ አንዳንዱም ሦስት መጠን ያስፈልገዋል፤ የጥርስ ሐኪም በጥቂት ደቂቃ ለክቶ ይነግራል። ጸጉሩ ሲንጨባረር ወይም ሽቦው ሲታጠፍ ይተካል። ኢምፕላንት ያለው ሰው ሽቦው በፕላስቲክ የተለበጠውን ይምረጥ፤ የተጋለጠ ብረት የኢምፕላንቱን ገጽ ሊጭረው ይችላል።

## የውኃ ፍሎሰር

የዚህ ማሽን አባቶች የጥርስ ሐኪሙ ጄራልድ ሞየርና መሐንዲሱ ጆን ማቲንግሊ ናቸው፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1962 በኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ ከተማ ሠሩት። መሠረታዊው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፦ ትንሽ ፓምፕ ውኃውን በቀጭን ጫፍ በኩል እየቆራረጠ ይረጫል። መቆራረጡ ዋናው ነገር ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች በደቂቃ ከ1,200 ጊዜ በላይ ይመታሉ፤ ውኃው ሲመታ ድዱ ይጫናል፣ በምቶቹ መካከል ይላላል፣ በዚያች ቅጽበት ከድዱ ጠርዝ በታች ያለው ፍርፋሪና ልል የሆነው የባክቴሪያ ክምችት ተጠርጎ ይወጣል።

ጥንካሬው ሌሎቹ በማይገቡበት ቦታ ነው። የማስተካከያ ሽቦ ዙሪያ፣ ከብሪጅ በታች፣ ክር ከሚደርስበት ዝቅ ባለ የድድ ኪስ (ድድ ከጥርስ ሲላቀቅ በመካከላቸው በሚፈጠር ክፍተት) ውስጥ ውኃ መንገድ ያገኛል። የሚደማ ድድ ላይ የሚያሳየው ለውጥም በብዙ ተጠቃሚዎች ዘንድ በግልጽ ይታያል። ድክመቱ ደግሞ ውኃ አለመፈተጉ ነው፤ ጥርሱ ላይ አጥብቆ የተለጠፈውን ፕላክ ያዳክመዋል፣ ይቀንሰዋል፣ እንደ ብሩሽ ግን ጠርጎ አይወስደውም። ታርታርንም አያነሣም። ስለዚህ ክር አዘውትሮ በትክክል ለሚጠቀም ሰው ማሽኑ ተጨማሪ ነው፤ ክር ጨርሶ ለማይነካ ሰው ግን ከምንም ይልቅ ብዙ ነው። ይህን ልዩነት ማስታወቂያዎች ያደበዝዙታል፣ አንዳንድ ክርን አጥብቀው የሚሟገቱ ሰዎችም እንዲሁ።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ቀጥሎ ከዓይነቶቹ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው 600 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ስላለው ውኃው መላውን አፍ ያዳርሳል፤ ግፊቱም ብዙ ደረጃ አለው፣ በአንዳንዶቹ ከ10 እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ይደርሳል። በምትኩ ቦታ ይይዛል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ሶኬት ይፈልጋል፣ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነም በየትኛው ቮልቴጅ እንደሚሠራ አስቀድሞ መታየት አለበት። ገመድ አልባው በእጅ ተይዞ ይሄዳል፤ ማጠራቀሚያው ግን በአብዛኛው ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ስለሆነ መሃል ላይ መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል። ባትሪው ብዙውን ጊዜ የማይቀየር ስለሆነ ባትሪው ሲደክም ዕቃውም ያበቃል። ሦስተኛው ዓይነት በቀጥታ ከቧንቧ ጋር ይገጠማል፤ ኤሌክትሪክም ማጠራቀሚያም አይፈልግም፣ ግን የሚመካው በቧንቧው ግፊት ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜም እንደ ሌሎቹ እየቆራረጠ አይመታም። እኔ ይህን የምመክረው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ገንዘብ ሊጨመርበት የሚገባው ነገር ጥቂት ነው፦ ዝቅተኛው ግፊት በእርግጥ ለስላሳ መሆኑ፣ ግፊቱን በደረጃ ማስተካከል መቻሉ፣ ማጠራቀሚያው ተነቅሎ እጅ ገብቶበት የሚታጠብ መሆኑ፣ ትርፍ ጫፎች ለብቻቸው መገኘታቸው፣ ለገመድ አልባውም አይ.ፒ.ኤክስ.7 የሚል የውኃ መቋቋም ደረጃ። በመተግበሪያ ከስልክ ጋር መገናኘት፣ ባለቀለም መብራት፣ ወይም አንድ ሰው የማይነካቸው ዐሥር የአሠራር ዓይነቶች ጽዳቱን አያሻሽሉም።

አጠቃቀሙ ለብ ያለ የሚጠጣ ውኃ ሞልቶ ከዝቅተኛው ግፊት መጀመር ነው። ጫፉ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ማሽኑ ይከፈታል፣ ከንፈር ገጠም ተደርጎ ወደ መታጠቢያው ጎንበስ ይባላል፤ ይህን ያላደረገ ሰው መስታወቱን ማጽዳት ይጠብቀዋል። ጫፉ በድዱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይያዝና ከኋላ መንጋጋ ጀምሮ በየመሃሉ ትንሽ እየቆመ ይሄዳል፤ ከውጭ ከተጨረሰ በኋላ ከውስጥ በኩል ይደገማል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሲያበቃ የቀረው ውኃ ይደፋል፣ ማጠራቀሚያው ክፍት ሆኖ ይደርቃል፤ ውኃ ተኝቶበት የሚያድር ማጠራቀሚያ ራሱ የባክቴሪያ ሽፋን ያበቅላል። ማዕድን የበዛበት ውኃ ባለበት አካባቢ በየጊዜው በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ማሳለፍ የተለመደ ነው፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጨው መጨመር ግን አምራቹ ካልፈቀደ ፓምፑን ሊያበላሽ ይችላል። ጫፉ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይተካል።

## ስቴኪኒ

ተራው ስቴኪኒ የተሰካ ነገር ለማውጣት ነው፤ ለዕለታዊ ጽዳት አይቆጠርም፤ ሲሰበርም ስንጥሩ ድድ ውስጥ ይቀራል። ለስላሳ ጎማ የለበሰው ዘመናዊ ዓይነት ከዚህ ይሻላል፣ ለጀማሪና ለጉዞም ይሆናል።

## ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ክር | የመሃል ብሩሽ | የውኃ ፍሎሰር | ስቴኪኒ |
|---|---|---|---|---|
| ፕላክ ማላቀቅ | ጥሩ፣ በትክክል ከተሠራ | በጣም ጥሩ፣ መጠኑ ከገጠመ | መካከለኛ | ደካማ |
| ፍርፋሪ ማውጣት | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| ጠባብ ክፍተት | የመጀመሪያ ምርጫ | ብዙ ጊዜ አይገባም | ይሠራል | አይገባም |
| የተከፈተ ክፍተት | ጎድጓዳውን ይዘላል | የመጀመሪያ ምርጫ | ረዳት | ውሱን |
| የማስተካከያ ሽቦ | አድካሚ | ይረዳል | በጣም ምቹ | አይመከርም |
| የሚፈልገው ችሎታ | ብዙ | ትንሽ | ትንሽ | ትንሽ |
| የመጀመሪያ ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ተከታታይ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ጫፍና የማሽኑ ዕድሜ | በጣም ዝቅተኛ |
| ለጉዞ | በጣም ምቹ | በጣም ምቹ | ገመድ አልባው ብቻ | ምቹ |

## ለማን የትኛው?

ጥርሶቹ ጠበብ ያሉ፣ ድዱ የማይደማና እጁ የሚታዘዝ ሰው ክር ይበቃዋል፤ ማሽን ለመግዛት የሚያበቃው ምክንያት የለም። በጀቱ ትንሽ የሆነ ሰውም የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ክርና አንድ ወይም ሁለት መጠን የመሃል ብሩሽ ከውዱ ማሽን ብቻውን የተሻለ ሊያጸዱ ይችላሉ። ድዱ የሸሸ ወይም ከዚህ ቀደም የድድ ሕክምና የተደረገለት ሰው ገንዘቡን በመጀመሪያ በሐኪም በተለካ የመሃል ብሩሽ ላይ ያውል፤ የቀረው ካለ ማሽኑን ይጨምር።

የማስተካከያ ሽቦ ላደረገ ወጣት ማሽኑ ዋጋውን ያወጣል። ክርን በየሽቦው ሥር ማሾለክ ረጅም ሥራ ስለሆነ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። ለብሪጅና ለኢምፕላንትም እንዲሁ ነው፣ ግን ከተለበጠው ብሩሽ ወይም ከስፖንጅ ክሩ ጋር ተጣምሮ። ጣቶቹ የሚያስቸግሩት አረጋዊ፣ ወይም የሌላ ሰው ጥርስ የሚያጸዳ አስታማሚ፣ ከክር ጋር ከሚታገል እጀታው ወፍራም የሆነ የመሃል ብሩሽ ወይም ገመድ አልባ ማሽን ይያዝ፤ የሚዋጥ ነገር ቶሎ ትን የሚለው ሕመምተኛ ላይ ግን ውኃ መርጨት አይገባም። ክርን ደጋግሞ ጀምሮ የተወ ጤነኛ ሰው ደግሞ ማሽኑን ያለ ኀፍረት ይግዛ፤ በየቀኑ የሚሠራው እሱ ከሆነ ለእሱ ትክክለኛው እሱ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ብሩሽንና ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና አይተካም። ከመቦረሽ በፊት በመሃል ማጽዳት ለፍሎራይዱ መንገድ ይከፍታል የሚል አነስተኛ ጥናት አለ፤ እኔም ያንን ቅደም ተከተል እመርጣለሁ፣ ዋናው ግን ሁለቱም መሠራታቸው ነው። ድዱ ተቆጥቶ የነበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ቢያይ መሣሪያውን መተው የለበትም፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላም የሚደማ ከሆነ፣ ወይም መግል፣ የጥርስ መነቃነቅ ወይም እብጠት ካለ፣ የሚቀጥለው ወጪ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሁን። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም የልብ ውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን ይዞት የነበረ ሰውም ማሽኑን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ታርታር ያለበት ሰው በቅድሚያ በሐኪም ያስጠርገው፤ የብሩሹ መጠን ከዚያ በኋላ ይለካ፣ ምክንያቱም ታርታሩ ሲነሣና እብጠቱ ሲሟሽሽ ክፍተቱ ይሰፋል፣ አስቀድሞ የተገዛውም ቁጥር ላይገጥም ይችላል።